ፈረደ የጻፋቸው ሰማዮች

«አብራሪ አልነበረም» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። ዱባ ይከትፉበት የነበረውን ቢላዋ አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ ነው ያሉት።

ከወጥ ቤቱ ውጭ የልጅ ልጃቸው ኦዲያ ግድግዳውን ተደግፋ ስልክ ታወራለች። ለሰንበት ከጦር ሰፈሯ የመጣችው ትናንት ነው። ጓደኛዋን በዕብራይስጥ፣ «ሳባዬ እኮ ኢትዮጵያ ውስጥ ታያስ ነበር፤ የማነበው ስለ እሱ ነው» ትላታለች። ወይዘሮ ዘነቡ ሐይፋ ብዙ ዓመት ቢቀመጡም ዕብራይስጡ አልገራላቸውም፤ ሐኪም ቤትም ሱቅም አስተርጓሚ ይዘው ነው የሚሄዱት። ሳባ አያት እንደሆነ፣ ታያስ አውሮፕላን አብራሪ እንደሆነ ግን ያውቃሉ። በኔቬ ዮሴፍ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የሰፈሩ ሕፃናት ቀና ብለው የሚጮኹት ቃል ነው።

ኦዲያ ስልኩን ዘግታ ገባች። «ምን አልሽ ሳፍታ?» አለች አያቷን።

«አያትሽ አብራሪ አልነበረም አልኩ።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

አያትየዋ ቢላዋቸውን አንሥተው ወደ ዱባው ተመለሱ። ኦዲያ ወደ እናቷ ወደ ፍሬህይወት ዞረች። የፊታችን ሳምንት ኩርሱ፣ የአየር ኃይል ሥልጠናዋ፣ ያልቃል፤ በምረቃው ላይ እያንዳንዱ ወታደር ከቤተሰቡ ስለ አንድ ሰው ጥቂት ቃል ያነባል። ሌሎቹ ስለ አጎታቸው፣ ስለ ታላቅ ወንድማቸው ይጽፋሉ። እሷ ደግሞ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን የአያቷን ፎቶ በስልኳ አንሥታ ነበር፦ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ቀጭን ወጣት፣ በአውሮፕላን ክንፍ ሥር፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግታው። «ኢማ፣ አንድ ሲፑር ፈልጊልኝ፤ አጭር ታሪክ። እሑድ ነው የማስረክበው፣ ቤሰደር? እሺ?» አለች። ከዚያ እያዛጋች፣ ምድቧ እንደደረሳትና ሂሙሽ እንዳሏት ነገረቻቸውና ልትተኛ ገባች። ወታደር ለሰንበት ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ነው የሚተኛው፤ ቤቱም አብሮት ይተኛል።

«ሂሙሽ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

ፍሬህይወት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አውሮፕላኖቹ ላይ ቦምብ የሚሰቅሉት ናቸው መሰለኝ» አለች።

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የጠዋቱ ጭጋግ የባሕረ ሰላጤውን መስመር አጥፍቶት ስለነበር፣ ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁት መርከቦች ባሕር ላይ ሳይሆን ሰማይ ላይ የተንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። እናቷ የሚያዩት እነሱን ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገብተው፣ ከክረምቱ ብርድ ልብሶች ሥር አንድ የፌስታል ጥቅል አውጥተው መጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አንብቢው» አሉ። «ከእኔ ግን አንድ ቃል እንዳትጠይቂኝ።»

ፍሬህይወት በነሸር የአረጋውያን ቤት ተንከባካቢ ናት። ዓርብ ዕረፍቷ ነው፤ ዓርብ የሚገዛበት፣ የሚታጠብበትና የሚበስልበት ቀን ስለሆነ ግን ዕረፍት ተብሎ የሚጠራው እንዲያው ለወጉ ነው። የዚያን ዕለት ዱባውን ለእናቷ ትታ ተቀመጠች። ስለ አባቷ ስለ ፈረደ የምታውቀው ጥቂት ነው። ከሰሜኑ ጦርነት ሲመለስ እሷ ገና ልጅ ነበረች። ጎንደር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮ እየጠገነ፣ የሰው ሁሉ ሬዲዮ በዙሪያው እያወራ እሱ ዝም ብሎ ኖረ፤ ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ ይጠብቁ በነበረበት ጊዜም ዝም እንዳለ ሞተ። ደብዳቤ እንደነበረው ሰምታ አታውቅም። እናቷ ማንበብ ስለማይችሉ ያኔ ያነብላቸው የነበረው የጎረቤት ተማሪ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቶቹን ዓይን አላያቸውም።

ወረቀቱ የሻይ መልክ ይዟል፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። የአጻጻፉ ወግ ያው የድሮ ነው፤ ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለዘነቡ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ ግን ሁልጊዜ ሰማይ ይመጣል። «ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ይመስልሻል።» በሌላው፣ «ከዝናብ በኋላ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ሆኗል። አውሮፕላኖቹ ሲነሡ ልቤ አብሮ ይነሣል። ፍሬ ጥርስ አወጣች ወይ?» ፍሬ እሷ ናት። ስለ ጣራው ቆርቆሮ ይጠይቃል፤ ስለ ሕፃኗ ሳል፤ ላሟ ስለወለደችው ጥጃ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል የለም። ከሰሜን ይላል እንጂ ከየት እንደሚጽፍ እንኳ አይገልጽም። እያነበበች ሄዳ ሄዳ ወጥ ቤቱ ጠፋባት፤ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ የሞተር ድምፅ ሆነላት፤ በማታውቀው ሜዳ፣ በብዙ ሰማያዊ መሀል፣ ቱታ ከለበሰ ወጣት ጋር ትሄድ ጀመር።

ድንገት አንድ ደብዳቤ አጭር ሆኖ መጣ። ሰላምታ የለውም፤ ሰማይም የለውም። «ዘነቡ፣ ፈቃድ ወስጄ እህትሽ ሚሪያም ዘንድ ሄጄ ነበር። በሩን አልከፈተችልኝም። ልክ ናት።» ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ስለ ደመና ናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ደመና ነው።» «ጉሙ ክንፎቹን ሸፍኗቸዋል፤ ምነው ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ በዋለ።» የገበሬ ልጅ ዝናብ ናፍቆት ይሆናል ብላ አሰበች። ግን ደስታው የናፍቆት አይመስልም ነበር።

«እማ» አለች፣ «አክስቴ ሚሪያም ለምን አልከፈቱለትም?»

ወይዘሮ ዘነቡ ለምጣዱ ክዳን ያጡ ይመስል፣ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አንጎዳጎዱ። «እሷን ጠይቂያት» አሉ በመጨረሻ። የእህታቸውን ነገር በአፋቸው ካነሡ ብዙ ዓመት ነበር። ሚሪያም የሚኖሩት ክርያት ሞጽኪን፣ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱ እህቶች ሠርግና ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዷ በር አጠገብ፣ ሌላዋ መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ቤተ ዘመዱ ይህን ከመልመዱ የተነሣ ወንበር ሲደረደር እንኳ ለሁለት ወገን ነው የሚደረደረው። ምክንያቱን የጠየቀ የለም።

ፍሬህይወት ደብዳቤዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ የዓርብ ሰው ሞልቷል፤ የሰንበቱን ሃላ ዳቦ ያቀፈ፣ አበባ በጉልበቱ መሀል ያስቀመጠ፣ መሣሪያውን ታቅፎ አፉን ከፍቶ የተኛ ወታደር። የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫዎች በጭጋጉ ውስጥ ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ራሷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ እንቅልፍም ያልሆነ፣ መንቃትም ያልሆነ ነገር ወሰዳት። አባቷ በኪሾን ወንዝ ዳር በትንሹ አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ቆሞ ታያት። መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ዝናብ ያንጠባጥብ እንደሆነ ይጠብቃል። «አባባ» ልትለው ፈለገችና አፈረች፤ እሷ አሁን ካለችበት ዕድሜ እጅግ ያነሰ ልጅ ነበር፤ እናቱ ብትባል ያምርባታል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ብንን ብላ ነቃች። ሞጽኪን ወርዳ፣ ባዶ እጅ አይገባም ብላ ወይን ገዛች፤ ኪሎው ሃያ ሼቄል ገብቷል፤ ሻጩ የሰንበት ዋዜማ ነው እያለ አልቀነሰላትም።

የአክስቷ ቤት ምድር ቤት ነው። ሶፋው ስስ ላስቲክ ለብሷል፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ክፍሉን ሰማያዊ ያደርገዋል። «ንዒ፣ እተዊ» አሉ ሚሪያም፣ ነይ፣ ግቢ ማለታቸው ነው፤ ሲደነግጡም ሲደሰቱም የሚቀድማቸው የልጅነት ትግርኛቸው ነው። ሁለቱ እህቶች የተወለዱት ሽሬ በኩል በምትገኝ መንደር ነው፤ ዘነቡ ጎንደር ሲዳሩ ሚሪያም እዚያው ቀሩ። ወይኑን አጥበው አቀረቡ። ስለ ጉልበታቸው አወሩ፤ ላይ ቤት ውሃ እያንጠባጠበ ስላስቸገራቸው ጎረቤት አወሩ። ፍሬህይወት አጭሯን ደብዳቤ አውጥታ አነበበችላቸው። አክስቷ አንዲት የወይን ፍሬ በጣታቸው ይዘው ሳይበሏት ቆዩ።

«ልክ ናት አለ?» አሉ።

«ብለዋል።»

«እናትሽ ምን ብላ ነገረችሽ?»

«እርስዎን ጠይቂ አሉኝ።»

ሚሪያም ፍሬዋን ወደ ሳህኑ መለሷት። የሚናገሩት ለፍሬህይወት ሳይሆን ድምፅ ለሌለው ቴሌቪዥን ይመስል ነበር። «የገበያ ቀን ነበር» አሉ፤ «ሰማዩ ቁራጭ ደመና እንኳ የለውም። ልጄን ጨው ይዘሽ ቆይ ብያት እኔ በርበሬ ላይ ዋጋ እከራከራለሁ። የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን፣ ሰውም ቀና ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም፤ ለአንቺም አይበጅሽም። ልጄን ቀበርኳት። ከአንድ ወር በኋላ በሬን አንድ ሰው መታ። በስንጥቁ አየሁ፤ የእህቴ ባል ነው፤ እንደ ገጠር ሰው ለብሷል። ወታደር መሆኑን የእኛ አገር ታጣቂ ልጆች ቢያውቁ ይገድሉታል፤ እኛ ዘንድ መምጣቱን አለቆቹ ቢሰሙም ይገድሉታል። ልከፍት መወርወሪያውን ያዝኩ። ያኔ ነው ከውጭ ሆኖ ‹አትክፈቺ፣ መጀመሪያ ስሚኝ› ያለኝ።»

አክስቷ የወይኑን ሳህን ወደ ጎን ገፉት።

«‹ቦምቦቹን እኔ ነኝ የሰቀልኳቸው› አለኝ። ‹የት እንደሚሄዱ አይነግሩንም። እኛ እንሰቅላለን፣ እነሱ ይሄዳሉ፣ ባዶ ክንፍ ይዘው ይመለሳሉ። ማታ አብራሪዎቹ ሲያወሩ የገበያችሁን ስም ሰማሁ› አለኝ። ማን አስገደደው? ማን ያውቅበት ነበር? ሐዘን ሊደርስ እንደመጣ ዘመድ ገብቶ፣ አልቅሶ፣ በልቶ መሄድ ይችል ነበር።»

«ከዚያስ?»

«አልከፈትኩም። እዚያው ደጃፉ ላይ አደረ። ሲነጋ ወደ መቃብሩ ሄደ። ድንጋይ እየተሸከመ፣ ጅብ እንዳይደርስባት ዙሪያውን ካበው። ቀኑን ሙሉ በስንጥቁ አየሁት። ውሃ አልሰጠሁትም።» ሚሪያም መዳፋቸውን ላስቲኩ ላይ አሹት። «በኋላ እናትሽ መጣች። ‹እውነቱን የነገረሽን ሰው እንደ ውሻ ደጅ አሳደርሽው› አለችኝ። እኔም ‹አንቺም ልጅሽም የበላችሁት በዚያ ደመወዝ ነው› አልኳት። እህል ቢሆን ይታፈሳል፣ ቃል አይታፈስም። ይኸው እስከ ዛሬ።»

ፍሬህይወት የአክስቷ ልጅ በልጅነቷ በንዳድ ሞተች ሲባል ነበር የሰማችው። ስሟን ልትጠይቅ አፏ ላይ ደረሰ፤ ግን ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል «ልጄ» ከማለት በቀር ስሟን አንድም ጊዜ እንዳልጠሩ ልብ ብላ ፈራች። በሱ ፋንታ ስለ ኦዲያ ነገረቻቸው፤ ስለ ምረቃው፣ ስለሚነበበው ጽሑፍ፣ በመጨረሻም ስለ ምድቧ። ላይ ቤት የሚያንጠባጥበው ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

«ምን ልበላት አክስቴ?»

«የሆነውን ንገሪያት» አሉ ሚሪያም። «ፈረደን ጠልቼዋለሁ፤ አሁንም አልወደውም። ግን ባይነግረኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ሰማይን ስጠላ እኖር ነበር። የምጠላው ሰው ሰጠኝ። ለልጅቱ ዋሽታችሁ ብታስመርቋት፣ እሱ ያን ያህል መንገድ የሄደው ለምንድን ነው?»

ስትመለስ ጭጋጉ ተገፎ ቀርሜሎስ ተራራ ከነቤቶቹ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ደመናው የገባት። በደመና ቀን አውሮፕላን አይነሣም። አባቷ ከዚያ ደጃፍ ተመልሶ፣ ቱታውን ለብሶ፣ ያንኑ ሥራ እየሠራ፣ ጠዋት ጠዋት ቀና ብሎ የሚጸልየው ደመና እንዲመጣ ነበር። የደብዳቤው ቃል ሁሉ እንደ አዲስ በጆሮዋ ተነበበ። ዛሬም ደመና ነው፤ ምነው ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ በዋለ። አውቶቡሱ ሽቅብ ወደ ኔቬ ዮሴፍ ሲወጣ አጠገቧ የተቀመጠች ሩሲያዊት አሮጊት መሀረብ አቀበለቻት፤ ማልቀሷን ያወቀችው ያኔ ነው።

ቤት ስትደርስ ምግቡ በስሏል፣ ወለሉ ታጥቧል፣ ሻማዎቹ ሳይበሩ ቆመዋል። እናቷ ከምን ደረስሽ አላሏትም። ኦዲያ ጠጉሯ ተንጨባሮ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ፍሬህይወት በሩን ገርበብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት፤ የገበያውን ቀን፣ ደጃፉን፣ ድንጋዩን፣ ደመናውን። ኦዲያ አማርኛው ሲያመልጣት «ማ? ምን?» እያለች ታስደግማለች። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር፤ ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ ተረስቶ ቀረ።

«ያውቅ ነበር?»

«ሲሰቅል አያውቅም። በኋላ ነው ያወቀው።»

«ሲያውቅ ሥራውን ተወ?»

ፍሬህይወት ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነው የመጣችው። «አልተወም» አለች። «ጦርነቱ እስኪያልቅ እዚያው ነበር። ቢጠፋ እኛን ያስሩ ይሆናል። ፈርቶም ይሆናል። አላውቅም፣ የእኔ ልጅ። በደብዳቤው ላይ የለም።»

ኦዲያ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። በኩርሱ ላይ የቆሰለች አንዲት ጣቷ ገና አልሻረችም። «እኛም» አለች ቀስ ብላ፣ «የት እንደሚሄዱ አይነግሩንም።»

ከመስኮቱ ውጭ ብርሃኑ የማር መልክ ይዞ ወደ ባሕሩ ይወርድ ነበር። ፍሬህይወት ልጇን እቅፍ አድርጋ «አንቺ ሌላ ነሽ፣ አገሩም ሌላ ነው» ልትላት ፈለገች። ይህን ብትል ግን ልጅቷ የምትሰማው እናቷ እንደፈራች ብቻ እንደሚሆን ታውቃለች። ኦዲያ ስልኳ ላይ የጻፈችውን አውጥታ፣ ስለ ክንፍና ስለ ሰማይ የሚያወራ አራት መስመር፣ እንደገና አነበበችውና አጠፋችው። «ምን ልትጽፊ ነው?» ብትላት፣ «ገና አላወቅሁም። ምናልባት እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ያንብብ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለችና ተነሣች። «የሚሪያም ቁጥር ስንት ነው?»

«ሰንበት ሊገባ ነው እኮ።»

«አልገባም ገና።»

ኦዲያ ወጥ ቤት ገብታ ደወለችና፣ ሌላው እንዲሰማ ፈልጋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ወይዘሮ ዘነቡ ዕቃ እያጠቡ ነበር። «ሃሎ» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ጀርባቸው ቀጥ አለ፤ ቧንቧውን ግን አልዘጉትም።

«ሚሪያም፣ እኔ ኦዲያ ነኝ፤ የፍሬህይወት ልጅ» አለች፤ እንደ ትልቅ ሰው በእርስዎ መጥራቱን አታውቅበትም። «ኢማ ሁሉንም ነገረችኝ። እሑድ ወደ ባሲሱ፣ ወደ ጦር ሰፈሬ ከመመለሴ በፊት አንቺ ጋ ልምጣ?»

«ነይ» አሉ ሚሪያም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽ ስሟ ማን ነበር?»

ከስልኩ ምንም አልመጣም። ፍሬህይወት መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ጎንበስ አለች። ቀጭን ትንፋሽ ይሰማል፤ ሊናገር ይነሣና ይመለሳል። ወይዘሮ ዘነቡ ቧንቧውን ዘጉ።

«ሉሊት» አሉ፤ ጀርባቸውን እንደሰጡ። ከዚያ ዞረው ለስልኩ ተናገሩ። «ሉሊት ነው ስሟ። እኔ ነኝ ያወጣሁላት።»

ኦዲያ አያቷን፣ ፍሬህይወት ስልኩን አዩ።

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለ የሚሪያም ድምፅ ከብዙ ጊዜ በኋላ፤ ሻክሯል። «እኔ ሌላ ስም ነበር የፈለግሁት።»

ወይዘሮ ዘነቡ እጃቸውን ሳያደርቁ መጥተው ወንበር ሳቡና ስልኩ ፊት ተቀመጡ።

«ማን ልትያት ነበር?» አሉ።